የመሬት መዝገባችን ከአሮጌው ኮምፒውተር ሲወጣ

በሐይቅ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ስሙ ሲጠራ የባለሙያ ብቻ ይመስላል። አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሰነዱን ሲይዝበት የኖረው ኮምፒውተር አርጅቷል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ አዲስ ማሽን መዛወር አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የአይቲ ልጆቹ ይጨርሱታል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው የእናንተ ማሳ ስለሆነ አላልፈውም። የማሳው ስፋት፣ በአራቱም ማዕዘን ያለው አዋሳኝ፣ የባልና የሚስት ስም፣ ውርሱ፣ ስጦታው፣ ኪራዩ እዚያ ነው ያለው። ዝውውሩ ሲበላሽ ማንም በዕለቱ አያውቀውም። የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አባት አርፎ ልጆች ውርስ ሊያስመዘግቡ ሲመጡ፣ ወይም ጎረቤት ድንበር ገፍቶ ፍርድ ቤት «የወረዳው መዝገብ ይቅረብ» ብሎ ሲያዝዝ።

ስለዚህ ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጠው። ሰነድ ተዛወረ የሚባለው አሮጌው ገና በሚነበብበት ጊዜ ተገልብጦ፣ ተቆጥሮ፣ ከወረቀቱ ጋር ተመሳክሮ፣ ባለቤቱም በዓይኑ አይቶ «የእኔ ነው» ሲል ነው። አዲሱ ማሽን ስለበራና ፕሮግራሙ ስለተከፈተ ብቻ ተዛወረ የሚል ሰው ካለ ሥራውን ገና አልጀመረውም።

መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደገባ ላስታውሳችሁ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በሙከራ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሙከራው የተካሄደው በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ሲሆን፣ በወሎ በኩል የተመረጠው ጎረቤታችን ደሴ ዙሪያ ነበር። በስዊድን መንግሥት የልማት ድጋፍ የተሠራ ሥራ ነው። ሕዝብ የመረጣቸው የቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት ማሳ ለማሳ ዞሩ። ገመድ ተዘረጋ፣ አዋሳኞች በድንበራቸው ላይ ቆሙ፣ የተባለው ሁሉ በመዝገብ ሰፈረ። ከዚያም የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ለየቤቱ ተሰጠ። በየሣጥናችሁ ከጋብቻ ወረቀትና ከክርስትና ወይም ከኒካህ ማስረጃ ጋር አጣጥፋችሁ ያስቀመጣችሁት እሱ ነው።

የወረቀቱ መዝገብ ከበዛ በኋላ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ፕሮግራም በክልሉ ተሠራ። ባለሙያዎች «ኢስላ» ይሉታል። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ለብቻው የሚሠራ ነበር። ከባሕር ዳር ጋር የሚያገናኘው መስመር አልነበረውም። ከጎረቤት ወረዳ ጋርም አይነጋገርም። አንዳንድ ወጣት ባለሙያ ዛሬ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ኔትወርክ በሌለበት፣ መብራት በቀን ስንት ጊዜ በሚቋረጥበት ዘመን መረጃውን ወረዳው በእጁ እንዲይዝ ማድረግ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ያንን ሁሉ መዝገብ ቀን ከሌት ቁጭ ብለው የጻፉት የመረጃ ጸሐፊዎች ምስጋናቸውን በወጉ አላገኙም። ዛሬ እዚህ መካከል የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ሥራችሁ አገር የቆመበት ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ መጣ። ማሳው ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እየተለየ ካርታ ወጣለት፣ የራሱ መለያ ቁጥርም ተሰጠው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ለመላ አገሪቱ አንድ የሆነ የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት ተዘጋጀ፤ ባለሙያዎች «ኤን-አር-ላይስ» የሚሉት። አሮጌው የየወረዳ ሣጥን ወደዚህ ሥርዓት መግባት አለበት። እንግዲህ ዝውውሩ ከአሮጌ ማሽን ወደ አዲስ ማሽን፣ ከአሮጌ ፕሮግራምም ወደ አዲስ ፕሮግራም ነው። አንዱም ብቻውን ከባድ ነው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ይበልጥ ይከብዳል።

ከማሽኑ በፊት ግን እዚሁ ደጃችን ያለውን ላንሣ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን የምለው ቦታውን ለማሞገስ ብዬ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደዚህ ገዳም የመጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1248 ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው የተማሩት እዚህ ነው። በ1273 ዓ.ም. ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጻፉት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። የራሳቸው ሥዕል በውስጡ ይገኛል። ከወንጌሉ ጽሑፍ በተጨማሪ ባዶ በነበሩት ገጾችና ኅዳጎች ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል፤ ለገዳሙ የተሰጠ መሬት፣ የገዳሙ መጻሕፍትና ንዋያት ዝርዝር፣ የአበው ስም። የርስት ማስረጃ በወንጌል ገጽ ላይ የሚጻፈው ለምን ይመስላችኋል? በገዳሙ ውስጥ አብልጠው ከሚጠበቁት፣ እሳት ቢነሣ ቀድመው ከሚወጡት አንዱ እሱ ስለሆነ ነው። በጥበብ የተመረጠ ቦታ ነው።

የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 ድረስ ያለውን ተራ ያወጡት፣ በዚህ ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈው ስለቆየላቸው ነው። እነዚያን ማስታወሻዎች የጻፉት ካህናት ታሪክ እየጻፍን ነው ብለው አላሰቡም። መሬት የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ነበር ያሰቡት።

ይህ ብራና ራሱ ሌላ ዝውውር አልፏል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረና በየገዳሙና በየደብሩ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሡ። የሐይቁ ወንጌልም 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ፊልሙ አንዱ ቅጂ በአገር ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሌላው ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት እየመረመሩ ካታሎግ ሠሩላቸው። ኋላም ፊልሙ ወደ ዲጂታል ምስል ተለወጠ። ብራናው ፊልም ሆነ፣ ፊልሙም የኮምፒውተር ፋይል ሆነ። በሁለቱም ጉዞ ያ ቁጥር አልተለወጠም። ዛሬ አንድ ተማሪ 1832 ብሎ ቢፈልግ የሚያገኘው ያንኑ የሐይቁን ወንጌል ነው። ዝውውር ሲባል ለእኔ ምሳሌው ይህ ነው።

በወሎ የሚገኙ የዓረብኛና የዐጀም፣ ማለትም በዓረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ የተጻፉ፣ ጽሑፎችም እንዲሁ ተጠብቀው የቆዩ ናቸው። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ፣ ሼሆቹና ቤተሰቦቻቸው ጠብቀው ባቆዩአቸው ጽሑፎችም ላይ የቆመ ነው። ያ ሁሉ ገና በወጉ አልተቀዳም። እሱ ሌላ ቀን ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

አሁን ወደ አሮጌው ኮምፒውተር እንመለስ። የምታዩት ግራጫ ወይም ጥቁር ሣጥን ነው፤ በጀርባው አቧራ የሞላው ማራገቢያ፣ አጠገቡ ባትሪው ያለቀ ዩፒኤስ። በውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ጽሑፉን የሚያነበው መርፌ መሳይ ክንድ ከሳህኑ ጋር ሳይነካካ በጣም በጠበበ ክፍተት ላይ ነው የሚንሳፈፈው። መብራት በድንገት ሲጠፋና ሲመለስ ሊጎዳ ይችላል። ዲስክ ሊሞት ሲል አንዳንዴ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ብዙ ጊዜ ግን ምንም ሳይናገር ይሞታል።

ሌላ ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። በኮምፒውተሩ እናት ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓትና ቀን የምትይዘው እሷ ናት። ባትሪዋ ስታልቅ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ፣ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ጸሐፊዋ ሳታስተውል የዛሬውን የውርስ ዝውውር ብትመዘግብ፣ ፕሮግራሙ የመዘገበበትን ቀን ከአሥር ዓመት በፊት አድርጎ ይጽፈዋል። በፍርድ ቤት ደግሞ የማን ምዝገባ ይቀድማል የሚለው ጥያቄ ጉዳዩን የሚወስን ሊሆን ይችላል። ዋጋዋ አነስተኛ የሆነ ባትሪ የአንድን ቤተሰብ ርስት ታናጋለች።

ማሽኑ ባይበላሽ እንኳ ዘመኑ ያልፍበታል። ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚባለውን ሥርዓት አምራቹ ማይክሮሶፍት መጠገን ያቆመው በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ነው፤ ዊንዶውስ 7ን ደግሞ በጥር 2012 ዓ.ም.። ለእነዚህ የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አይነሡም። የፈቃድ ቁልፋቸው በጀርባ በሚሰካ ትንሽ መሣሪያ፣ «ዶንግል» በሚባለው፣ የተቆለፈ ሰነድ መያዣ ፕሮግራሞችም አሉ፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ ያ መሰኪያ የለውም። እንዲህ ያለው ችግር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዞች የጥንቱን የመሬትና የንብረት መዝገባቸውን 900ኛ ዓመት ለማክበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ያገራቸውን መረጃ በሌዘር ዲስክ ላይ አስቀመጡ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ እየጠፋ ሄደና ባለሙያዎች ይዘቱን ለማዳን ብዙ ደከሙ። በ1086 በብራና የተጻፈው ግን ያኔም ይነበብ ነበር፣ ዛሬም ይነበባል።

ታዲያ የሚዛወረው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የምሰማው «ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠን ወሰድነው» የሚል ነው። ንብ የሚያነቡ ሰዎች ይህን ቶሎ ይረዱታል፤ ከባህላዊው ቀፎ ወደ ዘመናዊው ሲያዛውሩ ንግሥቲቱ ካልገባች ንቡ ሁሉ ቢገባም ጥሎ ይሄዳል። የሰነድ ሥርዓት ንግሥት በጽሑፉና በምስሉ መካከል ያለችው ግንኙነት ናት። እንበልና የአንዲት እናት ይዞታ በዳታቤዙ ላይ በቁጥር ተመዝግቧል፤ የደብተሯ ምስል ግን ስካን ተደርጎ ሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ዳታቤዙ ምስሉን የሚያገኘው «ዲ በሚባለው ክፍል፣ እዚህ ፎልደር ውስጥ፣ ይህ ስም ያለው ፋይል» በሚል አድራሻ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያ ክፍል «ኢ» ተብሎ ቢሰየም ወይም ፎልደሩ ስሙ ቢቀየር፣ ሁለቱም በደኅና ተገልብጠው ሳለ አይተዋወቁም። ጸሐፊዋ የእናቲቱን ስም ስትከፍት ምስል የለም። «ሰነድ የለሽም» ትባላለች። ሰነዷ ግን እዚያው ዲስክ ላይ ተኝቷል።

አሁን ወደምወደውና ወደሚያሳስበኝ ክፍል ደረስኩ። የውጭ አገር መመሪያ ስለ ዝውውር ብዙ ይነግረናል፤ የእኛን ፊደልና የእኛን ዘመን አቆጣጠር ግን አያውቅም። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ከፊደሉ ልጀምር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር የምንጽፈው። እነዚህን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ኮምፒውተር በአማርኛ ባልሠራልን ነበር። አሠራራቸው ግን የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስዶ የእኛን ቅርጽ ማልበስ ነበር። ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚይዘው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ እኛ የምናየው ግን «ፋጡማ» ወይም «ወርቅነሽ» ነው። ያ ፎንት በአዲሱ ማሽን ላይ ከሌለ ስሙ የተደበላለቀ ምልክት ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ፎንቱን መጫን ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። በዚህ ልወጣ ጊዜ ብዙ የሚጠፉት እንደ ሏ፣ ቧ፣ ጓ ያሉት ፊደላት ናቸው፤ በአሮጌው ፎንት ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥመው የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉና። ስለዚህ ከተለወጠ በኋላ ስሞቹን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ማንበብ አለበት። ማሽን አያውቅም፤ «ጓንጉል» «ንጉል» ቢሆን አይደነግጥም።

የስም አጻጻፍም አለ። «ኃይሉ» በአንዱ መዝገብ «ሀይሉ»፣ በሌላው «ሐይሉ» ነው። «ሰይድ»ና «ሠይድ»፣ «አሊ»ና «ዓሊ»፣ «ጸሐይ»ና «ፀሐይ» ለኮምፒውተር ሁለት ሁለት ሰው ናቸው። አዲሱ ሥርዓት እንዲህ ያሉትን ካላገናኘ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል፤ ግማሽ ማሳው በአንዱ ስም፣ ግማሹ በሌላው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በአካባቢያችን መሐመድ አሊ የሚባል በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ። «ድግግሞሽ እናጥፋ» ብሎ ሁለት መሐመድ አሊን አንድ የሚያደርግ ቸኩሎ የተጻፈ ትእዛዝ አንዱን ሰው መሬት አልባ ያደርገዋል። እኔ የምመክረው ስም በስም ብቻ ፈጽሞ እንዳይዋሃድ ነው፤ የአያት ስም፣ ጎጥ፣ አዋሳኝ፣ የደብተር ቁጥር አብሮ መታየት አለበት።

ዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ ተመልከቱ። ጸሐፊዋ የእኛን ቀን በቁጥር ትጽፋለች፤ ጥቅምት 30 ቀን 1998 ሲሆን 30፣ 2፣ 1998 ብላ። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ይረዳል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ወይ አልቀበልም ይላል፣ ወይ በዝውውር ጊዜ ቀኑን ባዶ አድርጎ ያልፋል። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን 5ን፣ 5 እና 13 ተብሎ የተጻፈውን፣ አንዳንድ ፕሮግራም ገልብጦ ሜይ 13 ያደርገዋል። ስሕተት ነው አይልም፣ ቀይ ምልክት አያሳይም፤ አንድ የውርስ ወይም የስጦታ ቀን ዝም ብሎ ወደ ሌላ ወር ይሄዳል። በጳጉሜን የተፈጸመ ምዝገባ ሁሉ፣ ጥቅምት 29ና 30 የተጻፈበት ምዝገባም ሁሉ፣ ከዝውውሩ በኋላ አንድ በአንድ መታየት አለበት። ብዙ አይደሉም፤ ከሙሉው መዝገብ ጥቂቱ ናቸው። ወዴት ማየት እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው ሥራው የጥቂት ቀን ነው።

ሥራው በትክክል ሲሠራ እንዴት እንደሚሄድ አሁን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚደረገው አሮጌውን ኮምፒውተር አለመንካት ነው። ቫይረስ ላጥፋ፣ ላጽዳ፣ ዊንዶውሱን ልቀይር የሚል ካለ ይቁም። ዲስኩ እንዳለ፣ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ፣ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጥ። ይህ ፎልደር እየመረጡ ከመገልበጥ ይለያል፤ የተደበቀውን ፋይል፣ ፕሮግራሙንና ቅንብሩን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ይህ ሙሉ ቅጂ ከተገኘ በኋላ አሮጌው ኮምፒውተር በአዲሱ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ሆኖ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል። ሣጥኑ ሳይኖር ያው አሮጌው መስኮት፣ ያው የይለፍ ቃል መጠየቂያ በአዲሱ ስክሪን ላይ ይከፈታል። ለጊዜው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን በዚህ መተኛት አይገባም፤ አሮጌው ሥርዓት ከነደዌው ነው የተዛወረው።

የይለፍ ቃል ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የፕሮግራሙን ዋና የይለፍ ቃል ማን ያውቀዋል? ብዙ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል ወይም ሥራ ለቋል። ከማሽኑ በፊት ሰውየው ይፈለግ። ስልክ ተደውሎ፣ ተለምኖ፣ አበል ተከፍሎም ቢሆን ይምጣ፤ አጠገቡ ቁጭ ተብሎ የሚያውቀው ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። «ይህ ቀይ ምልክት ምንድን ነው?» «ክርክር ያለበት ማሳ ነው።» እንዲህ ያለውን በየትኛውም መመሪያ ላይ አታገኙትም። ያ ምልክት ትርጉሙ ሳይታወቅ ቢቀር፣ በክርክር ላይ ያለ ማሳ በአዲሱ ሥርዓት ንጹሕ ይዞታ ሆኖ ይገባል።

ከዚያ የመዝጊያ ቀን ይቆረጣል። ከዚያ ቀን በኋላ በአሮጌው ላይ አንድም ነገር አይጻፍም፤ የሚመጣው ባለጉዳይ በወረቀት ይመዘገብና ኋላ ወደ አዲሱ ይገባል። ይህ ካልሆነ በሁለቱ ማሽኖች ላይ ሁለት የተለያየ መዝገብ ይበቅላል፤ የቱ ትክክል እንደሆነም የሚናገር አይኖርም። ቀኑ ሲመረጥ የአርሶ አደሩን ጊዜ ማሰብ ተገቢ ነው። የመሬት ኪራይ ውል በሚበዛበት ሰሞን ቢሮ መዝጋት ልክ አይደለም፤ ክረምት፣ ዝናቡ ሰውን በማሳው ላይ ሲይዝ ይሻላል።

ቀጥሎ ቆጠራ ነው። በአሮጌው ስንት ባለይዞታ ነበር፣ ስንት ማሳ፣ ስንት ምስል? በአዲሱስ? ቀበሌ በቀበሌ ይቆጠር። ልዩነት ካለ፣ አንድም ቢሆን፣ እስኪገኝ ድረስ አይታለፍ። ለፋይሎቹ ደግሞ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር የሚያወጣ ስሌት አለ፤ ከአንድ ፋይል ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል። ከመገልበጥ በፊትና በኋላ አሻራው ከተመሳሰለ ፋይሉ በጉዞ አልተበላሸም ማለት ነው። ይህን የሚያወጣ መሣሪያ በነጻ ይገኛል፣ ከዊንዶውስ ጋርም አብሮ ይመጣል፤ ሳይጠቀሙበት መቅረት ምክንያት የለውም።

ቆጠራው ቢገጥምም ግን አላበቃም። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ይዘቱ የተዛባ መዝገብ አለ። አዲሱ ሥርዓት ባለይዞታ የሚጻፍበት አንድ ቦታ ብቻ ቢኖረው፣ አሮጌው ደግሞ ባልና ሚስትን በሁለት ቦታ ይዞ ቢሆን፣ የሚስት ስም ይወድቃል። የባለይዞታው ቁጥር ልክ ነው፣ የማሳው ቁጥር ልክ ነው፤ እሷ ግን የለችም። የደብተሩ ታላቁ ፍሬ ሴቲቱ ፎቶዋ ከባሏ ጎን ተለጥፎ መብቷ መታወቁ ነበር። ይህ በዝውውር ስሕተት ቢጠፋ፣ ሕግ ሳይሻር መብት ተሻረ ማለት ነው። ስለዚህ ከየቀበሌው የተወሰኑ ይዞታዎች በዕጣ ይውጡ፤ የቀበሌው የወረቀት መዝገብ፣ የባለይዞታው ደብተርና የአዲሱ ስክሪን ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ከኮሚቴው አባላት ፊት ስም በስም፣ አዋሳኝ በአዋሳኝ ይነበቡ። የሙት ልጆች፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴቶችና የአቅመ ደካሞች ይዞታ ግን በዕጣ አይሁን፤ ሁሉም ይታይ። ስሕተት ቢገኝ ተሟግተው የማስመለስ አቅሙ የላቸውምና።

ስለ ቅጂ ማስቀመጥ ለእናንተ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻንና የእኛን አካባቢ ሲያዳርስ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። በወሎ ብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ ኮምፒውተር ተወሰደ፣ ወረቀት መሬት ላይ ተበተነ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ቅጂ ቅጂ አይባልም። የሙያው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መያዣ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ይላል። ለእኛ አንዱ ወረዳው፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ባሕር ዳር ቢሆን ይበቃል። የቀበሌውም የወረቀት መዝገብ «አሁን ኮምፒውተር አለ» ተብሎ አይጣል፤ አይጥና ዝናብ ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። በየስድስት ወሩም አንዱ ቅጂ በእርግጥ ተከፍቶ ይታይ። ባክአፕ አለን ተብሎ ሲከፈት ባዶ የሆነበት መሥሪያ ቤት አንድ ብቻ አይደለም።

ወደ እናንተ ድርሻ ልምጣ። የዝውውሩ ጊዜ ሲነገራችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱና «በአዲሱ ላይ የእኔን ክፈቱልኝ» በሉ። ስማችሁን፣ የባለቤታችሁን ስም፣ የማሳውን ቁጥርና ስፋት፣ አዋሳኙን በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ተመልከቱ። ማንበብ የማይችል ልጁን ይዞ ይሂድ። ስሕተት ካገኛችሁ በቃል ነግራችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ አመልክታችሁ ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበሉ። ደብተሩ የጠፋባችሁ ወይም በጦርነቱ የተቃጠለባችሁ ከሁሉ ቅደሙ፤ የእናንተ ማስረጃ አሁን ያለው እዚያ አሮጌ ማሽን ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ወጣቶች፣ በተለይ በየኮሌጁ ኮምፒውተር የምትማሩ፣ ለዚህ ሥራ በክረምት ራሳችሁን አቅርቡ። ፊደሉን፣ ስሙንና የጎጡን መጠሪያ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ አያውቀውም።

ለጽሕፈት ቤቶቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያገለገለ የመንግሥት ዕቃ በጨረታ እንደሚሸጥ ይታወቃል፤ አሮጌው ኮምፒውተርም አንድ ቀን ከተሰበረ ወንበርና ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር ተደርድሮ ዋጋ ይወጣለታል። ከዚያ በፊት ሃርድ ዲስኩ ይፈታ። በደረቅ ሣጥን ውስጥ ይግባ፣ የወረዳው ስም፣ የተዘጋበት ቀንና የፕሮግራሙ ስም ይጻፍበት፣ በሁለት ሰው ፊርማ ይታሸግና በመዝገብ ቤቱ ካዝና ይቀመጥ። ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆይ፤ የውርስና የድንበር ክርክር ያን ያህል ዘግይቶ ይመጣልና። የቀረው ሣጥን ይሸጥ።